ስለ ቀጭን መሥመርና ስለ በጎ አድራጎት

ጥቁር የቆዳ ካፖርት ለብሰው፣ ጢማቸውን አሳድገው፣ ሞተር ቢስክሌታቸውን እያስጓሩ በጎዳና የሚያልፉትን ሰዎች ያየ፣ ብዙውን ጊዜ «እነዚህስ ጠብ ፈላጊዎች ናቸው» ብሎ ልጆቹን ወደ ግቢ ይሰበስባል። ነገር ግን መልክን አይቶ መፍረድ ስሕተት መሆኑን ከሚያስረዱን ነገሮች አንዱ የእነዚሁ ሰዎች ሥራ ነው። በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መሥመር በቡሩሽ እየሳለ ለሕሙማንና ለችግረኞች ገንዘብ የሚያስገኝ የእጅ ጥበበኛ ይገኛል። ስለዚህ ሰው ሥራ ለውድ አንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ ወደድን። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ጥበብ ከሞተር በፊት የነበረ ነው። በፈረስ የሚሳብ ሠረገላ የክብር መጓጓዣ በነበረበት ዘመን፣ ቀለም ቀቢው የሠረገላውን ጎንና መንኰራኵር በቀጭን መሥመር ያስጌጥ ነበር። በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ግዛት አንድሩ ማክ የተባለ ሰው ለዚሁ ሥራ የሚሆን ቡሩሽ የሚያዘጋጅ ድርጅት በ1891 አቋቋመ። ከዚያ በኋላ አውቶሞቢል በፋብሪካ በብዛት መሠራት ሲጀምር፣ ፍጥነትና ርካሽነት ከውበት በለጡና የእጅ መሥመር እየተተወ ሄደ።

መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው። ቡሩሹ እጀታው አጭር፣ ፀጉሩ ግን ረጅም ሆኖ እንደ ጎራዴ ስለት የሾለ ነው፤ ፀጉሩም የሚገኘው በዛፍ ላይ ከሚኖር፣ ስኩዊረል ከሚባል ትንሽ እንስሳ ነው። ፀጉሩ መርዘሙ ብዙ ቀለም እንዲይዝና ሠሪው ደጋግሞ ሳይነክር ረጅም መሥመር እንዲስብ ይረዳዋል። ባለሙያው አስቀድሞ ብረቱን ከቅባትና ከሰም ያጠራዋል። ከዚያም የዘይት ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኖ፣ ቡሩሹን በወፍራም ወረቀት ላይ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ቀለሙን ከፀጉሩ ጋር ያዋሕደዋል። ቡሩሹን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ይይዝና ትንሿን ጣቱን በብረቱ ላይ አሳርፎ ይስባል። የሚንቀሳቀሰው ጣት ብቻ ሳይሆን ክንዱም ትከሻውም ነው። በታንኩ በስተቀኝ የሳለውን በስተግራ አስተካክሎ መድገም አለበት፤ የሁለቱ ወገን አለመመጣጠን ላዋቂ ዓይን ወዲያው ይታያልና። እጁ ቢስት ቀለሙ ሳይደርቅ በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። በብራና ላይ ሐረግ ሲስል የቁም ጸሐፊን እጅ ያየ ሰው ይህን ትዕግሥት ሳይነገረው ያውቀዋል።

የተተወውን ጥበብ በካሊፎርኒያ ካነሡት ሰዎች ዋነኛው በ1929 የተወለደው ኬኔት ሃዋርድ ነው፤ ሕዝብ የሚያውቀው ቮን ደች በሚለው ስም ነው። አባቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር። ልጁም በሞተር ቢስክሌት መጠገኛ ሲሠራ የአባቱን ቡሩሾች ወስዶ አንድ ሞተር በመሥመር ቢያስጌጥ፣ የቤቱ ባለቤት የአባትዬው ሥራ መስሎት እንደ ነበር ይተረካል። በ1950ዎቹ ዓመታት ወጣቶች መኪናቸውንና ሞተራቸውን ለማስጌጥ ይሻሙበት ነበር። ሆኖም የዚህ ሰው መጨረሻ ያሳዝናል። ከሰው ርቆ በአሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ሲኖር መጠጥ ጉበቱን ጎድቶት በ1992 ሞተ። እጅ መሠልጠኑ ብቻውን ሰውን ምሉዕ እንደማያደርገው ከዚህ እንረዳለን።

ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ባለ ቡሩሾች ግን ለሙያቸው ሌላ ጥቅም አገኙለት። የሞተርና የመኪና ወዳጆች በሚሰበሰቡበት ቦታ ባለሙያዎቹ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። አንዱ የተጣለ መጋዝ፣ ሌላው ያረጀ አካፋ፣ ሌላውም የሞተር ታንክ ወይም ፓራፋንጎ ይዞ በሕዝብ ፊት ያስጌጣል፤ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ ይመለከታል። ሥራው ሲያልቅ ዕቃው በሐራጅ ይሸጥና ገንዘቡ ለታመሙ ሕፃናት፣ ለሆስፒታል ወይም አደጋ ለደረሰበት ቤተ ሰብ ይሰጣል። ጠዋት ማንም ያልፈለገው ዝገት የበላው መጋዝ ማታ ሰዎች ዋጋ እየጨመሩ ይሽቀዳደሙበታል። ባለሙያው ባለጠጋ አይደለም፤ የሰጠው የሁለት ሰዓት ጉልበትና ጥቂት ቀለም ነው።

የሞተረኞቹም ማኅበር በዚህ ረገድ ወደ ኋላ አላለም። የሃርሊ ዴቪድሰን ፋብሪካ ጡንቻን የሚያደክም በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የሚረዳውን የአሜሪካ ማኅበር መደገፍ የጀመረው በ1980 ነው። በ1984 በካሊፎርኒያ ግሌንዴል ከተማ «የፍቅር ጉዞ» የተባለው የሞተረኞች ጉዞ ተጀምሮ ለዚሁ ዓላማ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ሰበሰበ። በሳውዝ ዳኮታ ግዛት ያለችው ስተርጂስ በ1938 በጥቂት ተወዳዳሪዎች የጀመረችው ስብሰባ ዛሬ በየዓመቱ በነሐሴ ወር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይጎርፍበታል፤ በዚያም በ2008 የተጀመረ የበጎ አድራጎት ጉዞ አለ። በአውስትራሊያ ሲድኒ በ2012 የተጀመረው ጉዞ ደግሞ ሞተረኞች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው የሚወጡበት ነው፤ ገንዘቡም ለወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር ምርምርና ለአእምሮ ጤንነት ይውላል።

«ይህ ሁሉ ጨዋታና ታይታ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ደስታም አለበት፤ በሐራጅ የገዛውም ሰው ዕቃውን በሳሎኑ ሰቅሎ ይኰራበታል። ነገር ግን በአልጋ ላይ ያለው ሕፃን መድኃኒቱን የገዛለት ገንዘብ በደስታ መሰጠቱ ምን ይጎዳዋል?

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ «ባለጠጋ ብሆን ኖሮ እረዳ ነበር» ማለት ለብዙዎቻችን የተለመደ ምክንያት ነው። ባለ ቡሩሹ ግን ያለውን ቈጠረ፤ ያለውም የማይንቀጠቀጥ እጅ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን፣ አናጺው መሮውን፣ ተማሪውም ብዕሩን አንሥቶ ይመልከት። በእያንዳንዱ ቤት ለሌላው የሚተርፍ አንድ ሙያ አይጠፋም።