የኦፔራ ድምፅና የአይዳ ሚና፦ ተረትና እውነታ

ኦፔራ ታሪኩ በንግግር ሳይሆን በዜማ የሚተረክበት፣ ተዋንያኑ ራሳቸው የሚያዜሙበትና ኦርኬስትራ የሚያጅበው የመድረክ ጥበብ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በቋሚነት የሚሠራ የኦፔራ ቤት ስለሌለ ስለ ድምፃውያኑና ስለ ዝግጅታቸው የሚነገረው አብዛኛው ነገር ታይቶ ሳይሆን ተሰምቶ የተወራ ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ በምትገኘው አቃቂ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት መዘምራን መካከል ድምፃቸው ከሌላው ተለይቶ የሚሰማ ወጣቶች አይታጡም፤ ከእነዚህ አንዷ ድምፅን በሙያ ደረጃ አጥንታ ለኦፔራ ሚና ብትዘጋጅ ግን፣ ከጎረቤትም ከወዳጅም የሚለገሳት ምክር ከዕውቀት ይልቅ በልማድ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ በቅንነት የተነገረው ቃል ድምፅዋን ሊያበላሽባት ይችላል።

ከእነዚህ ምክሮች ሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያስከትለው፣ ኢትዮጵያዊት ድምፃዊት ወደ መድረክ ስትወጣ የመጀመሪያ ሚናዋ አይዳ መሆን ይገባዋል የሚለው ነው። አይዳ የጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ ኦፔራ ሲሆን፣ በፈርዖኖች ዘመን በግብፅ ተማርካ ባሪያ የሆነችውን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ይተርካል፤ ልዕልቲቱ የጠላት ጦር አዛዥ የሆነውን ራዳሜስን ትወድዳለች፤ አባቷ አሞናስሮ ደግሞ የፍቅረኛዋን የጦር ምስጢር እንድታወጣለት ያስገድዳታል። ከዚህ በመነሣት አይዳን ከኢትዮጵያ ነገሥታት ዜና መዋዕል የተቀዳች ልዕልት አድርገው የሚቆጥሯት ጥቂቶች አይደሉም። እውነታው ግን የታሪኩን ረቂቅ ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ ታሪክ ተመራማሪ ኦጉስት ማሪየት መሆኑና፣ ልዕልቲቱም አባቷም የፈጠራ ሰዎች መሆናቸው ነው። ራዳሜስ የሚያወጣው ምስጢር የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን የናፓታን ሸለቆ የሚመለከት ሲሆን፣ ናፓታ ዛሬ በሱዳን ግዛት ውስጥ የምትገኝ የኩሽ መንግሥት ከተማ ስለነበረች፣ በደራሲዎቹ አእምሮ የነበረችው ኢትዮጵያ የጥንት ግሪኮች በዚህ ስም ይጠሯት የነበረችው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለችው አገር እንደሆነች መረዳት ይቻላል።

ኦፔራው ለስዊዝ ቦይ ምረቃ ተጻፈ የሚለውም ደጋግሞ የሚነገር ስሕተት ነው። ቦዩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1869 ሲሆን፣ በዚያው ወር የካይሮ ኦፔራ ቤት የተመረቀውም ሪጎሌቶ በተባለው በሌላው የቬርዲ ሥራ ነበር። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል አይዳን ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፓሪስ ውስጥ የተዘጋጁት የመድረክ ዕቃዎችና አልባሳትም በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ሳቢያ ከተማዋ ስትከበብ እዚያው ተይዘው በመቆየታቸው፣ ኦፔራው በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ከዚህ የበለጠ ትርጉም ያለው ሌላ ሐቅ አለ፤ የኢትዮጵያን ንጉሥ ተማርኮ በመድረክ ላይ የሚያሳየውን ኦፔራ ያሠራው ይኸው እስማኤል፣ ወደ ኢትዮጵያ የላከው እውነተኛ ጦር በ1875 በጉንደት፣ በ1876 ደግሞ በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ድል ተመትቷል። አይዳን የምታጠና ኢትዮጵያዊት ሁሉ ይህን ልታውቅ ይገባል።

ኢትዮጵያዊት ድምፃዊት አይዳን ብትመኝ የሚያስወቅሳት ነገር የለም፤ የሚያሳስበው የሚናው ክብደትና የድምፃዊቷ ዕድሜ አለመመጣጠን ነው። በኦፔራ ድምፅ የሚመደበው በከፍታው ብቻ አይደለም። ሶፕራኖ የሚባለው ከሴቶች ድምፅ ከፍተኛው ሲሆን፣ በራሱ በሶፕራኖ ውስጥ ደግሞ ቀላልና ፈጣን ድምፅ፣ መካከለኛ ድምፅ፣ እንዲሁም ብዙ መሣሪያ ያለበትን ኦርኬስትራ አልፎ መሰማት የሚችል ከባድ ድምፅ ተብሎ ይለያል፤ አይዳ የምትመደበው ወደ ከባዱ ወገን ነው። የዚህ ዓይነቱ ድምፅ የሚበስለው በአብዛኛው በሠላሳዎቹ ዕድሜ ስለሆነ፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ የምትገኝ ተማሪ ሚናውን ለመሸከም ስትል ድምፅዋን ከዐቅሙ በላይ ትገፋዋለች። ለእርሷ የሚስማማት ኦርኬስትራው ሳሳ ያለ የሞዛርት ሥራ ሲሆን፣ ለምሳሌ በ1786 በቪየና በታየው የፊጋሮ ጋብቻ ውስጥ ባርባሪና የተባለችው አጭር ሚና ለጀማሪ፣ ሱዛና ደግሞ ትንሽ ለጠነከረች ወጣት ይመከራሉ። አሜሪካዊቷ ሊዮንቲን ፕራይስ አይዳን በኦፔራ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው በ1957 በሳን ፍራንሲስኮ፣ በሠላሳ ዓመቷ ነበር፤ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የተሰናበተችውም በጃንዋሪ 1985 በዚያው ሚና ነው። አንድን ከባድ ሚና ለሃያ ሰባት ዓመታት ተሸክሞ መኖር የተቻለው ድምፅ በስሎ በጊዜው ስለተጀመረ ነው።

ኦፔራ ጩኸት ነው የሚለው አስተሳሰብ የሚመነጨው ድምፃውያኑ ያለ ማይክሮፎን ከመዝፈናቸው ሲሆን፣ የድምፅ አፈጣጠር ሲመረመር ግን ነገሩ ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል። ድምፅ የሚወጣው በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች፣ ማለትም የድምፅ አውታሮች፣ ከሳንባ በሚወጣው አየር እየተነኩ ሲከፈቱና ሲዘጉ ነው፤ የሴት የድምፅ አውታሮች ርዝመት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አይዳ በሦስተኛው ገቢር በአባይ ዳር ብቻዋን ቆማ ስለ አገሯ በምታዜመው ክፍል የምትደርስበት ከፍተኛ ኖታ በሰከንድ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ መርገብገብን ይጠይቃል፤ ይህም ሁለት ገቢር ሙሉ ከተዘፈነ በኋላ፣ ቀስ እያለ ተወጥቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ ሊያዝ የሚገባው ኖታ ነው። የጮኸች ድምፃዊት እዚያ አትደርስም፤ ብትደርስም ኖታው ይሰበርባታል። ድምፁን ወደ አዳራሹ መጨረሻ የሚያደርሰው የጉሮሮ፣ የአፍና የምላስ አቀማመጥ ነው፤ ድምፃዊው የእነዚህን ቅርጽ እያስተካከለ ከአውታሮቹ የወጣው ድምፅ እንዲያስተጋባ ያደርጋል። የኦርኬስትራ ኃይል በአብዛኛው የሚከማቸው በ500 ሄርዝ አካባቢ ሲሆን (ሄርዝ በሰከንድ የሚደረግ የንዝረት ብዛት ነው)፣ የሠለጠኑ ወንድ ድምፃውያን በ3,000 ሄርዝ አቅራቢያ ኦርኬስትራው ደካማ በሆነበት ቦታ ድምፃቸውን ያጎላሉ፤ ሶፕራኖዎች ደግሞ ከፍ ባለው ኖታ ላይ አፋቸውን ይበልጥ እየከፈቱ የማስተጋቢያውን ክፍተት ከኖታው ጋር ያስማማሉ። የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ለኦፔራ አይመችም የሚሉም አሉ፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አቃቂ የኦክስጅኑ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ማነሱ እውነት ቢሆንም፣ ይህ የሚያስቸግረው ከቆላ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣን እንግዳ እንጂ በዚያው ተወልዶ ያደገን ሰው አይደለም።

አዲስ ሚና መዘጋጀት ማለት ዜማውን ከካሴት ወይም ከስልክ እየሰሙ መሸምደድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በሙያው ወግ የሚቀድመው ግን ቃሉ ነው፤ ድምፃዊቷ የኦፔራውን ግጥም፣ ሊብሬቶ የሚባለውን፣ ቃል በቃል ትተረጉማለች፣ ሌሎቹ ተዋንያን የሚሉትንም ጭምር ታውቃለች፣ ከዚያም ያለ ዜማ በምቱ ብቻ ታነበዋለች። ኖታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ በፒያኖ ከሚያስጠናት ባለሙያ ጋር ትንፋሽ የምትወስድባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች፤ በመድረክ ልምምድ ጊዜም በሙሉ ድምፅ ሳይሆን ቀንሳና ከፍተኛ ኖታዎችን ዝቅ አድርጋ ታዜማለች። ይህን ያየ ስንፍና ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን የድምፅ አውታሮችን ለምሽቱ ማቆያ ዋነኛው ዘዴ ነው። በዚህ ሥራ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ጥቅም ያገኛል፤ ጣሊያንኛ እንደ አማርኛ ሁሉ የሚጠብቁና የሚላሉ ድምፆች ስላሉት፣ ለብዙ የውጭ ተማሪዎች አስቸጋሪ የሆነው የቃላት ማጥበቅ ለአቃቂ ልጅ ከአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ጋር የመጣ ነው።

የኦፔራ ትምህርት የአገር ቤት ድምፅን ያጠፋል የሚለው ስጋት በቁም ነገር ሊታይ ይገባል፤ ምክንያቱም በኦፔራ የሚፈለገው የድምፅ እርግብግቢት ለትዝታ ወይም ለአንቺ ሆዬ ቅኝት አይስማማም። ሆኖም አንድ ሰው ሁለት ቋንቋ እንደሚናገር ሁለት የድምፅ አወጣጥም ሊይዝ ይችላል፤ አስፈላጊው ሁለቱን ሳይቀላቅሉ በየፈርጃቸው መለማመድ ነው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነገረው፣ ኢትዮጵያውያን ዜማን በጽሑፍ የማኖር ልምድ ስለሌላቸው ኖታ ይከብዳቸዋል የሚለው ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ደርሶታል የሚባለው ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልት የሚዜም ሲሆን፣ በቃሉ ላይ የሚጻፈው የዜማ ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ይታወቃል፤ የመጀመሪያው ኦፔራ ተብሎ የሚቆጠረው የያኮፖ ፔሪ ዳፍኔ በፍሎረንስ የታየው በ1598 ገደማ ነው። ድጓ የተማረ ወጣት ለሰዓታት የሚዘልቅን ዜማ በቃሉ የመያዝ ልምድ ይዞ ስለሚመጣ፣ የኦፔራ ሚና ርዝመት ሊያስፈራው አይገባም።

የመጨረሻው ጉዳይ የጉሮሮ መድኃኒት ነው። ጥሬ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ማር በዝንጅብል ድምፅን ይጠርጋሉ ይባላል፤ ነገር ግን የሚዋጥ ምግብና መጠጥ የሚያልፈው በምግብ ቧንቧ ሲሆን፣ በሚዋጥበት ጊዜ የአየር ቧንቧው ስለሚዘጋ አንዲት ጠብታ እንኳ የድምፅ አውታሮችን አትነካም፤ ብትነካ ኃይለኛ ሳል ይከተላል። ማር የሚከረክር ጉሮሮን ማስታገሡ እውነት ነው፤ ጥሬ እንቁላል ግን ከተስቦ ጋር ዝምድና ላላቸው ባክቴሪያዎች ያጋልጣል። አውታሮቹን የሚያለሰልሳቸው ቀኑን ሙሉ የሚጠጣ ውኃና በትንፋሽ የሚሳብ እንፋሎት ነው፤ ስለዚህ በየቤቱ የሚደረገው የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ከሚጠቅመው ነገር ዋነኛው የፈላው ውኃ እንፋሎት ነው። በምሽት ዘግይቶ የሚበላ ቅባትና በርበሬ የበዛበት ምግብ የሆድ አሲድን ወደ ላይ እየመለሰ ማንቁርትን ሊያቃጥል ይችላል፤ ድምፅ ሲዘጋ ማንሾካሾክም ብዙውን ጊዜ አውታሮቹን ያስጨንቃል እንጂ አያሳርፍም። ከአቃቂ ተነሥታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የምትመላለስ ተማሪ ከሁሉ በላይ ልትጠነቀቀው የሚገባት፣ በበጋው ወራት የከባድ ተሽከርካሪዎች መንገድ የሚያነሣውን አቧራና፣ በታክሲ ውስጥ ከሞተሩና ከሙዚቃው በላይ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማውራትን ነው። ድምፅዋ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ ዝንጅብሉንም ልምምዱንም ትታ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ትሂድ፤ ወላጆችና አስተማሪዎችም ይህን ቀጠሮ ከየትኛውም ዝግጅት ሊያስቀድሙላት ይገባል።