አረፋን የሚበላ ስኳር

የካዛንቺስ ሆቴሎች ላውንደሪ አንሶላ ሲያጥብ ይውላል። ቂርቆስ ውስጥ መኪና የሚያጥቡ ልጆችም ባልዲያቸው ላይ ላርጎ ጠብ ያደርጋሉ። የሳሙናን ጥሩነት የምንለካው በአረፋው ስለሆነ፣ አረፋ የሚበላ ስኳር አለ ቢባል ማንም አይወደውም። አለ ግን፤ ስሙ ሳይክሎዴክስትሪን ነው።

ከስታርች የሚሠራ ነጭ ዱቄት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ቪልዬ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲያገኘው ከ1,000 ግራም ስታርች የወጣለት 3 ግራም ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ፋብሪካዎች በባክቴሪያ ኤንዛይም ያመርቱታል። ስድስት፣ ሰባት ወይም ስምንት ግሉኮሶች ክብ ሠርተው ሲያያዙ መቀመጫው የተቆረጠ ሲኒ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ውጪው ውሃ ይወዳል፣ የውስጡ ክፍተት ግን ብዙም አይወድም። የባለ ሰባቱ ክፍተት 0.6 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ለሳሙና ጅራት ልኩ ነው።

የሳሙና ሞለኪውል ራስና ጅራት አለው፤ ራሱ ውሃ ይፈልጋል፣ የካርቦን ጅራቱ ከውሃ ይሸሻል። ሞለኪውሎቹ ሲበዙ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ይከማቻሉ፤ ቅባትን ከጨርቅ አላቅቆ የሚይዘው ሚሴል የሚባለው ይህ ክምችት ነው። የሳይክሎዴክስትሪን ቀለበት ካለ ግን ጅራቱ ሌሎቹን አይጠብቅም። ክፍተቱ ውስጥ ያለውን ውሃ አስወጥቶ ይገባል፣ ራሱ ውጪ ይቀራል፤ አረፋው የሚበላው በዚህ ነው። በሻምፑና በጥርስ ሳሙና ላይ የምናነበው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 2.3 ግራም ገደማ ሲደርስ መከማቸት ይጀምራል። ከባለ ሰባቱ ቀለበት 5 ግራም ከተጨመረ፣ አንዱ ቀለበት አንድ ጅራት ይዞ ስለሚያስቀር፣ ክምችቱ እስከ 3.5 ግራም አካባቢ ይዘገያል።

እንዶድ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እናቶቻችን ጋቢ ያጠቡበት፣ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ሲገድል ያስተዋሉት ይህ ፍሬ አረፋውን የሚያገኘው ከሳፖኒን ነው፤ ሳፖኒን ላይ ውሃ ወዳዱ ወገን ራሱ ስኳሩ ነው። ስኳር በጠባዩ የአረፋ ጠላት አይደለም፤ ክብ ሲሠራ ነው የሚለወጠው።

ቀለበቱ ሆቴል የሚገባው በሌላ በር ነው፦ ፌብሪዝን በመሳሰሉ የሽታ ማጥፊያ መርጫዎች። መጥፎ ጠረን የሚሰጡ ሞለኪውሎችም ክፍተቱ ውስጥ ይያዛሉ። ችግሩ፣ ፈሳሹ ጨርቅ ላይ እንዲሰራጭ ሳሙና መሰል ነገር ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ጅራቱ ቀለበቱን የሚመጥን ከሆነ ገና ሳይረጭ፣ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ፣ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ቀማሚዎቹ ቀለበቱ ውስጥ በቀላሉ የማይገባ ዓይነት ይመርጣሉ።