የቀይ ቀበሮ ህልውና፦ ክትባትና ዘረመል በባሌ ተራሮች

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት መኖሪያቸውን ቀስ በቀስ ያጠብባል፤ በፍጥነት የሚገድላቸው ግን ከእረኞች ጋር ወደ ደጋው የሚወጣው ውሻ የሚያስተላልፈው በሽታ ነው። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ተሰባስበው ስለሚኖሩ አንድ የታመመ አባል ሌሎቹን በቀላሉ ይበክላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የዌብ ሸለቆን የመታው የእብድ ውሻ በሽታ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል።

ውሾችን መከተብ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። የተከተቡት ቶሎ ያልቃሉ፤ በምትካቸው ቡችሎች ይወለዳሉ፤ ለግጦሽ ከሩቅ የሚመጡ ከብት ጠባቂዎችም ያልተከተቡ ውሾችን ያስከትላሉ። ስለዚህ በዚያ ወረርሽኝ ወቅት ቀበሮዎቹ ራሳቸው በወጥመድ እየተያዙ ተከተቡ። ሁሉንም መያዝ ስለማይቻል የእንስሳት ሐኪሞቹ ሸለቆውን ከቀሪው የባሌ ክፍል በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ አተኮሩ፤ ወረርሽኙም በዚያ ተገታ። በሒሳባዊ ሞዴል የተደረገ ጥናትም ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ መከተብ ታላላቆቹን እልቂቶች ሊያስቀር እንደሚችል አመልክቷል። ዓላማው በሽታውን ከምድር ማጥፋት ሳይሆን የቀበሮዎቹ ቁጥር ሊያንሰራራ ከማይችልበት ደረጃ እንዳይወርድ ማድረግ ነውና ይህ ውጤት ትልቅ ተስፋ ይሰጣል። (ዲስተምፐር የተባለው ሌላው የውሻ ደዌ ግን የራሱን ክትባት ይሻል።)

ውሻ የሚያመጣው ጣጣ በሽታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የዘረመል ጥናት በዌብ ሸለቆ የተጠረጠሩ ዲቃሎችን መረመረ። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የቀበሮ ሆኖ ሲገኝ፣ ከሁለቱም ወላጆች በሚወረሰው ዲኤንኤ ውስጥ ግን የውሻ ምልክት ታየ። እንግዲህ መዳቀሉ የተፈጸመው በእንስት ቀበሮና በወንድ ውሻ መካከል ነው። የመልክ ልዩነት ብቻውን ይህን ሊያረጋግጥ አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ በአፍ የሚሰጥ ክትባት በዘመቻ መልክ ተጀምሯል። ቀበሮው ሥጋውን ሲያኝክ ከረጢቱ ይፈነዳል፤ ክትባቱም አፉን ያርሳል። ይህ ዘዴ እንስሳውን ከወጥመድ ጭንቀት ያድነዋል፤ ተመራማሪውን ግን የደም ናሙና ያሳጣዋል። ለዘረመል ምርመራ ኩስም ሊያገለግል ይችላል፤ ክትባቱ የመከላከል አቅም ማስገኘቱን ለማወቅ ግን ደም ያስፈልጋል። ስለሆነም ጥቂት ቀበሮዎችን አልፎ አልፎ መያዙ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ መቋረጥ የለበትም።