ቀለሙ ከየት ይመጣል?

የትምህርት ዘመኑ በተጀመረ በሁለተኛው ወር አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው የልጃቸውን ነጭ ሸሚዝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ደረቱ ላይ ቢጫ፣ እጅጌው ላይ ቀይ አፈር ነበረበት። «ርእሰ መምህር፣ እኔ ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው። ጭቃማ ደጃችንም ሞልቷል» አሉኝ። አልፈረድሁባቸውም። ሸሚዙን የሚያጥቡት እርሳቸው ናቸው፤ በሐርጌሳ ደግሞ ውኃ ስንት እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን። የዚያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር። ሙሉውን እዚህ ልጻፈው፤ ሌሎች ወላጆችም ሳይጠይቁኝ በልባቸው የያዙት ጥያቄ ይመስለኛልና።

እውነቱን ለመናገር፣ ሕፃናቱን በአፈር፣ በከሰልና በልጣጭ ሥዕል ማሳል ስንጀምር ያሰብነው ወጪን ለመቀነስ ነበር። የገበያው ቀለም አልቆ ነበር። የትምህርቱ ጥቅም የታየን ከጀመርን በኋላ ነው።

ሕፃን ልጅ የፕላስቲክ ብልቃጥ ከፍቶ ቀይ ቀለም ሲያወጣ የሚያውቀው ቀዩን ብቻ ነው። ቀዩን ራሱ ሲሠራ ግን አፈሩን ይለቅማል፣ ይወቅጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ይበጠብጣል። ሲቀጥንበት አፈር ይጨምራል፤ ሲወፍርበት ውኃ ጠብ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ነገ እርሳስ የሚይዙትን ጣቶች ያጠነክራል፤ መለካትንና መጠበቅንም ያስተምራል። ለእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ልጆቻችን መንገድ ላይ ሶማሊኛ፣ መጽሐፍ ላይ እንግሊዝኛ ይገጥማቸዋል። «ወቀጠ»፣ «ለወሰ»፣ «ደቃቅ»፣ «ሻካራ»፣ «ፈዛዛ» የሚሉ ቃላት ከየት ይስሟቸው? በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ «አሁን አፈሩን ንፉ» ስትላቸው ግማሾቹ ጉንጫቸውን ሞልተው እንደ ፊኛ እፍ አሉበት፤ ክፍሉ በአቧራ ተሞላ። ከዚያ ቀን በኋላ ወንፊት ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀይ አፈር ደርቆ ይወቀጥና በስስ ጨርቅ ይነፋል። ለሁለት ማንኪያ አፈር አንድ ማንኪያ የዱቄት ሙጫ (ዱቄት በውኃ ተፈልቶ የቀዘቀዘ) ይጨመርና እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪሆን በውኃ ይበጠበጣል። ሙጫው አፈሩን ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ያለ እርሱ ሥዕሉ ሲደርቅ ይረግፋል። ለጥቁር ከሰል በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደቅቃል፤ ይህን የሚሠራው ዐዋቂ ነው፣ ብናኙ ለሕፃን ሳንባ አይሆንም። ለቡናማ የቡና አተላ፣ ለሐምራዊ የቀይ ሥር ልጣጭ የተቀቀለበት ውኃ፣ ለአረንጓዴ ወረቀት ላይ የሚታሽ የጎመን ቅጠል ይሆናል። ለቢጫ እርድ ነው፤ ገበያ ላይ «ሁሩድ» ብላችሁ ጠይቁ። ብሩሹ ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ነው።

ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት እርዱን ነው። ቢጫው ወረቀት ላይ የሳሙና ውኃ ሲነካበት ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ትልልቆቹ ተማሪዎች በኬሚስትሪ ክፍል ስለ አሲድና ቤዝ የሚማሩትን የአምስት ዓመት ልጅ በመፋቂያ ጫፍ አየው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አበላሽተናል። የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች ለማክበር ብለን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ሰቀልናቸው። ከሳምንታት በኋላ አንድ ልጅ በቀይ ሥር የሣላትን አበባ ፈልጎ አጣት፤ የቀረው ነጣ ያለ ጥላ ነበር። «ማን አጠፋብኝ?» ብሎ አለቀሰ። መምህርቷ ጥያቄውን ወደ ሙከራ ለወጠችው። እያንዳንዱ ቀለም አንድ ወረቀት ላይ ተቀባ፤ የወረቀቱ ግማሽ በካርቶን ተሸፍኖ መስኮቱ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየ። ካርቶኑ ሲነሣ ቀይ ሥሩና እርዱ በተሸፈነው በኩል ብቻ ቀርተዋል። አፈሩና ከሰሉ ግን ሁለቱም በኩል አንድ ናቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቀይ ሥርንና የእርድን ቀለም ብርሃን ይሰባብረዋል። የአፈር ቀይነት ግን ከብረት ዝገት ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ብርሃን አይለውጠውም። ከሰልም እንዲሁ ነው።

ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው የላስ ጌል አለት በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ላሞች የተሞላ ነው። በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ቀድሞም ያውቁት ነበር፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ካጠኑት ወዲህ ዓለምም አወቀው። ሥዕሎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያሳለፉ ናቸው። የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ከጉብኝት ያመጡትን ፎቶግራፍ ለሕፃናቱ ስናሳያቸው ያ ያለቀሰው ልጅ «በአፈር ነው የሣሉት!» አለ። ማንም አልነገረውም። በአገራችንም የብራና መጻሕፍት ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ይሠራ ስለነበር ፊደሉ ከጻፈው ሰው ዕድሜ በላይ ኖሯል።

ቤት ውስጥ መሞከር ለምትፈልጉ ወላጆች ጥቂት ማሳሰቢያ አለኝ። አፈሩ ከመኪና መንገድና ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ አይወሰድ። የማታውቁትን ቅጠልና ፍሬ አትንኩ። በርበሬ ቀለሙ ቢያምርም ዓይን ያቃጥላልና በፍጹም አይሆንም። የሚበላ ነገር አናባክንም፤ የምንጠቀመው ልጣጭ፣ አተላና የጠወለገ ቅጠል ነው፤ ከእርዱ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ለአንድ ክፍል ይበቃል። እጅ አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ፤ እንዲህ ሲሆን ውኃው ይቆጠባል። ከሁሉ በላይ ግን የልጁን ሥዕል እጃችሁን አስገብታችሁ አታሳምሩለት። እግሯ አምስት የሆነ ላም ብታዩ እንኳ «ስለዚህች ላም ንገረኝ» በሉት።

ወደ ሸሚዙ ልመለስ። በጥር ወር እኚያ እናት እንደገና መጡ፤ በፌስታል የአባቱን አሮጌ ሸሚዝ ይዘው ነበር፣ ልጁ ሥዕል ሲሠራ ከላይ እንዲደርበው። የነጩን ሸሚዝ ነገር ጠየቅኋቸው። አፈሩ ደርቆ ሲራገፍና ሲታጠብ ለቋል። እርዱ ግን ሳሙና ሲነካው ጭራሽ ቀልቶ አስደንግጧቸው ነበር። ልጁ «እማዬ አይዞሽ፣ ሳሙናው ነው ያቀላው። በደንብ አለቅልቂውና ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ፀሐይ ትወስደዋለች» አላቸው። አራት ቀን ሙሉ አሰጡት። «ወሰደችው» አሉኝ እየሳቁ።

በሚቀጥለው ዓመትም እንቀጥላለን። አሮጌ ሸሚዝ ያላችሁ ላኩልን።