ለሩቅ ርቀት የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር አመራረጥ፦ ፈቃድ ያላቸው አዳኞች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ሕጋዊ የአደን ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ስለ ጠመንጃውና ስለ ጥይቱ አስቀድሞ ያስባል፤ በተለምዶ ስኮፕ ለሚባለው ማነጣጠሪያ መነጽር ግን ተመሳሳይ ትኩረት ሲሰጥ አይታይም። የደጋ አጋዘን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ እንስሳ ሲሆን፣ በባሌና በአርሲ ከፍታዎች የሚታየውም ብዙ ጊዜ በማለዳ ወይም በምሽት፣ በአስታና በጉም መካከል ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ በመሆኑ አዳኙ ከመተኮሱ በፊት በእርግጠኝነት መለየት አለበት። በተሳሳተ ግምት የቆሰለ እንስሳ ጫካ ገብቶ ሲሠቃይ ይሞታል፤ ጉዳቱም የአገር ሀብት ላይ ነው።

የማጉላት አቅምና የሌንስ ስፋት። በመነጽሩ ላይ «3-15×50» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ ከ3 እስከ 15 እጥፍ እንደሚያጎላና የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ማጉላት በበዛ ቁጥር የሚታየው አካባቢ ይጠባል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ይጎላል፣ ብርሃንም ይቀንሳል። የሌንሱ ስፋት በማጉያው ቁጥር ሲካፈል ለዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል፤ በ10 እጥፍ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ25 እጥፍ ግን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ስለሆነም በደብዛዛ ብርሃን ለሚያድን ሰው እጅግ ከፍተኛ የማጉያ ቁጥር ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

የማስተካከያ መለኪያ። ማስተካከያዎች በሚል ወይም በኤም ኦ ኤ ይለካሉ። በ100 ሜትር ርቀት አንድ ሚል 10 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ኤም ኦ ኤ ደግሞ 2.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የማነጣጠሪያው መስቀል በአንደኛው፣ ማስተካከያው በሌላኛው መለኪያ የተሠራ ከሆነ ስሌቱ በጥድፊያ ጊዜ ለስሕተት ስለሚዳርግ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው ሊረጋገጥ ይገባል።

የመስቀሉ አቀማመጥ። በአንዳንድ መነጽሮች መስቀሉ ከምስሉ ጋር አብሮ ስለሚያድግ የርቀት ምልክቶቹ በማንኛውም የማጉያ ቁጥር ትክክል ናቸው። በሌሎቹ የመስቀሉ መጠን ስለማይለወጥ ምልክቶቹ የሚሠሩት በአንድ የተወሰነ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው፣ ብቻ ነው። ገዢው የትኛውን ዓይነት እንደያዘ ሳያውቅ ምልክቶቹን ለርቀት ግምት መጠቀም የለበትም።

የእይታ መዛነፍና የዓይን ርቀት። ጠመንጃው በድጋፍ ላይ ጸንቶ ሳለ ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ መስቀሉ በዒላማው ላይ የሚንሸራተት መስሎ ከታየ መነጽሩ ለዚያ ርቀት አልተስተካከለም ማለት ነው። በመሆኑም ለሩቅ ርቀት የሚመረጠው ይህን ማስተካከያ በጎኑ የያዘ መነጽር ነው። በዓይንና በመነጽሩ መካከልም ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ካልሆነ የጠመንጃው ርግጫ ቅንድብን ሊያቆስል ይችላል።

ልክ ማስያዝ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይት በቆላ ከሚወርደው ያነሰ ይወርዳል። ስለዚህ በቆላ ልክ የተያዘ ጠመንጃ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ከአደኑ በፊት በተፈቀደ ቦታ ዳግም ሊሞከር ይገባል። በጥይት ልክ ያልተረጋገጠ ርቀት ላይ አለመተኮስ ከሁሉም ይመረጣል።

ጥንቃቄና ሕጋዊ ግዴታ። መነጽሩ በተመለከተበት አቅጣጫ ሁሉ አፈሙዙም ስለሚዞር አካባቢን ለመቃኘት የእጅ መነጽር እንጂ ስኮፕ ፈጽሞ አያገለግልም። የጦር መሣሪያ ይዞታ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ የዱር እንስሳት አጠቃቀም ደግሞ ራሱን በቻለ አዋጅ የሚመሩ ናቸው። የአደን ፈቃድ ፈላጊዎች ጥያቄያቸውን ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሊያቀርቡ፣ መነጽር ከውጭ አገር ለማስገባት ያሰቡም ከመግዛታቸው በፊት የፈቃድ ሁኔታውን ከፌዴራል ፖሊስና ከጉምሩክ ኮሚሽን ሊያጣሩ ይገባል።