መኪና የማይነዳበት እሑድና የገለምሶ ገበያ

ባለሞተር ተሽከርካሪ ሁሉ ለግማሽ ቀን ከተመረጠ ጎዳና እንዲርቅና መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ እንዲለቀቅ የማድረጉ ልማድ በሀገራችን የተጀመረው እሑድ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ይኸውም በጤና ሚኒስቴር አነሣሽነት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተደረገ ሲሆን፣ በዋና ከተማዋ «መንገድ ለሰው» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ሐሳቡ ግን ከዚህ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዘይት እጥረት በደረሰ ጊዜ ሆላንዶች በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ ከልክለው ነበር። የዚያው ችግር ወላፈን ለእኛም ተርፎ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመዋል። በቦጎታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ፣ በየእሑዱ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት ይለቀቃል።

እንዲህ ያለው ቀን በገለምሶ ቢታሰብ ነጋዴው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጫቱ ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ቡና በፀሐይ ደርቆ በጆንያ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግማሽ ቀን ቢዘገይ የሚጎድልበት የለም። ጫት ግን ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ዋጋው እየወረደ የሚሄድ ሸቀጥ ነው። አይሱዙው ጠዋት ከከተማ መውጫ ላይ ቢታገድ ኪሳራው በገበሬውም በላኪውም ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሚዘጋው መንገድ የመደብሮቹ መንገድ ብቻ እንዲሆን፣ የጭነት መኪናና የበሽተኛ ማመላለሻ መተላለፊያ ግን እንዲተው ያስፈልጋል። በጭሮማ (በአሰበ ተፈሪ) ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፍ እርሱን መዝጋት የማይታሰብ ነው።

ሁለተኛው ባለ ጉዳይ የባጃጅ ነጂው ነው። የዕለት ገቢ ለባለቤቱ የሚያስረክብ ነጂ በዚያ ጠዋት ምን ይበላል? ማዘጋጃ ቤቱ ከነጂዎቹ ጋር ሳይመክር ቀኑን ቢያውጅ ቅሬታው ለባለሱቁም መትረፉ አይቀርም። ባጃጆቹ ከተዘጋው መንገድ ጫፍና ጫፍ ቆመው ሰው እንዲያወርዱና እንዲጭኑ ቢፈቀድ የገቢያቸው ጉድለት ይቀንሳል።

ጥቅሙን አጋንኖ መናገር ግን አይገባም። ሀገራችን ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ የምታስገባ ብትሆንም፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የግማሽ ቀን መዘጋት የሚተርፈው ነዳጅ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አስመጪውን ይበልጥ የሚነካው በጥር 2016 ዓ.ም. የተነገረው፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ የሚያግደው ውሳኔ ነው። ከእንግዲህ ብስክሌት ብቻ ላስመጣ የሚል ነጋዴ ቢኖርም የጨርጨርን ዳገት አስቀድሞ ይመልከት።

የባለሱቁ ጥቅም ሌላ ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው ሱቁን አያይም፤ በእግሩ የሚሄድ ግን ይቆማል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ልጁም ብስኩት ያስገዛዋል። ሆኖም ይህ የሚሆነው ሱቁ ክፍት ሲሆን ነው፤ ዕቃውም ቅዳሜ ማታ ወይም ጎዳናው ሳይዘጋ በማለዳ መራገፍ አለበት። ቀኑም የሳምንቱ ገበያ ከሚውልበት ጋር እንዳይገጥም ይሁን፤ ከየገጠሩ አህያና ግመል ጭኖ ለሚመጣው ሕዝብ መንገዱ ያን ቀን ራሱ ጠባብ ነውና።