የኪስ ሽጉጥ ለያዙ ሰዎች



በዚህ ዓምድ ስለ ከተማ ንጽሕና፥ ስለ ትምህርትና ስለ ትዳር ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። ሆኖም በየቤቱ ከትራስ ሥርና ከቁም ሣጥን ውስጥ ስለ ተደበቀችው ትንሽ ሽጉጥ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ከባለሽጉጦች አፍ የሰማሁትን ለአንባብያን እንዳካፍል ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በአገራችን መሣሪያ መያዝ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ጠመንጃቸውን አንግተው ገበያም ለቅሶም ይሄዱ ነበር። ጠመንጃ ግን ከሩቅ ይታያል፤ የያዘው ሰው መያዙ ስለሚታወቅ ራሱም ይጠነቀቃል፥ ሌላውም ይጠነቀቅለታል። የኪስ ሽጉጥ ዋና ጠባይዋ መደበቋ ነው። ስትውል ስታድር ባለቤቷ እንኳ መያዙን ይረሳል። አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ታናሽነቷም ሊያታልለን አይገባም። ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም. በሳራዬቮ ከተማ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የተባለው የ19 ዓመት ወጣት የአውስትሪያን አልጋ ወራሽና ባለቤታቸውን የገደለው፥ አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ባቀዳትና በቤልጅግ አገር በተሠራች የኪስ ሽጉጥ ነው። ያ ግድያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ ሆነ። ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየችበት ጊዜ መኮንኖቿ ይታጠቋቸው ከነበሩት አንዷ ሰባት ጥይት የምትይዘው ቤሬታ ናት። በኋላም ስምንት ጥይት የምትይዘው የሶቪየቷ ማካሮቭ በብዙ ሰው እጅ ትታወቃለች።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ ልምድ ልለፍ። አንድ የማውቀው ነጋዴ ገንዘብ ይዞ ሲያመሽ ስለሚሰጋ ፈቃድ አውጥቶ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ገዛ። እንደ ነገረኝ፥ በመጀመሪያው ወር ልቡ ሞልቶ ነበር። ነገር ግን ያለ ማኅደር በኮት ኪሱ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ይይዛት ስለ ነበር፥ አንድ ቀን ቢፈትሻት ውስጧ በብናኝ ተሞልቶ፥ ብረቷም በላብ ዝጎ አገኛት። «ሌባ ቢመጣብኝ ኖሮ ከዱላ አትሻልም ነበር» አለኝ። ከሁሉ ይልቅ የከበደው ግን ሌላ ነው። ወዳጆቹ ዘንድ ሲጋበዝ ኮቱን ለማውለቅ ይፈራል፤ ከሰው ጋር ቃል ሲለዋወጥም እጁ ሳያውቀው ወደ ኪሱ ይሄዳል። «እኔ እሷን የያዝኩ መስሎኝ፥ እሷ እኔን ይዛኛለች» ሲል አጫወተኝ።

ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የጦር መኮንን ናቸው። እሳቸው እንደሚሉት ትንሿ ሽጉጥ ለመያዝ ትቀላለች፤ ለመተኮስ ግን ከትልቋ ታስቸግራለች። ይህ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም፤ በክፍል የማስተምረው ሕግ ነውና። ጥይት ወደ ፊት ሲወነጨፍ ሽጉጡን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነም ሽጉጡ በቀለለ መጠን ግፊቱ በእጅ ላይ ይበረታል። እጀታዋ አጭር ስለ ሆነ ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች፤ አፈሙዟ አጭር ስለ ሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ ጥቂት ቢሆንም ጥይቷን ከዒላማው ያርቃል። እንግዲህ ልምምድ የሌለው ሰው በጨለማ፥ በድንጋጤ፥ ሰው በተሰበሰበበት ቢተኩስ ማንን እንደሚመታ ማን ያውቃል?

ሦስተኛው ታሪክ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የአባቱን ሽጉጥ ከትራስ ሥር አውጥቶ ለጓደኞቹ ለማሳየት በደብተር መያዣው ይዟት መጣ። ካዝናዋን ስላወጣላት ባዶ ናት ብሎ አምኗል። ዘበኛው ደርሶ ተቀብሎ ቢያቀባብላት ግን አንዲት ጥይት ወጥታ ከመሬት ወደቀች። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ አባቱም ክፉ ሰው አይደሉም። ያን ዕለት ከአንድ ቤት ለቅሶን የመለሰው የዘበኛው ፍጥነት ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ይህ ነው፤ ካዝናዋ ወጣ ማለት ሽጉጧ ባዶ ሆነች ማለት አይደለም። የጎረሰችው ጥይት በውስጧ ትቀራለች። ስለዚህ ሽጉጥን ባዶ የሚያደርግ ሰው አፈሙዟን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፥ ጣቱን ከቃታው አርቆ፥ አስቀድሞ ካዝናውን ያውጣ፤ ቀጥሎ አቀባብሎ የጎረሰችውን ጥይት ያስወጣ፤ በመጨረሻም ውስጧን በዓይኑ ይመልከት። ቅደም ተከተሉን አዛብቶ መጀመሪያ ያቀባበለ እንደ ሆነ፥ ከካዝናው ሌላ ጥይት መልሳ ትጎርሳለች። «ሳላስበው ባረቀብኝ» የሚባለው አደጋም አንዱ መንገዱ ይኸው ነው።

ትራስ ሥር ማስቀመጥም መቅረት ይገባዋል። ልጅ የማያውቀው የቤት ጓዳ የለም። ሽጉጧ በተቆለፈ ሣጥን፥ ጥይቷም በሌላ ቦታ ተቆልፎ ቢቀመጥ፥ ቁልፉም ከባለቤቱ ባይለይ መልካም ነው። ለሠርግና ለግብዣ ሲኬድም ሽጉጥና መጠጥ ባይገናኙ ይሻላል። ለደስታ ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይትም ተመልሳ ወደ ምድር መውደቋ አይቀርም፤ የምታርፍበትን ጣራ ግን ተኳሹ አይመርጥላትም።

ሕጉንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ፈቃድ ወረቀት ነው፤ ከወረቀቱ ጋር ዕውቀትና ትዕግሥት ካልተጨመረ ልጅን ከአደጋ አያድንም። በበኩሌ ፈቃድ የሚሰጡ ክፍሎች ለባለሽጉጡ ከመሣሪያው አያያዝ ጋር የቤት አጠባበቁንም በሚገባ ቢያስተምሩና ቢፈትኑ እጅግ ይጠቅማል እላለሁ።

ይህን ስል ራሱንና ቤተ ሰቡን ለመጠበቅ በሕግ ሽጉጥ የያዘውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ሌባ እንዳለ፥ ሥጋትም እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ሌባው ምናልባት በዕድሜ አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል፤ ልጆቻችን ግን በየቀኑ ቤት ውስጥ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ይህን ያነበበ ባለሽጉጥ ሁሉ ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት ሽጉጡ የት እንዳለች፥ ጥይት ጎርሳ እንደ ሆነም በጥንቃቄ እንዲመለከት አደራ እላለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር